የአባቴ ኩላሊት ደክሟል፤ የእግራቸው ደም ሥር ይሠራ ወይስ ይቅር?

ጥያቄ፦ «አባቴ 64 ዓመታቸው ነው፤ የምንኖረው ደሴ ነው። ስኳር ከያዛቸው 17፣ ግፊት ከያዛቸው 9 ዓመት ሆኗል። እስከ ቅርብ ጊዜ መስጊድ በእግራቸው ነበር የሚሄዱት። ከሁለት ወር በፊት የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት በጫማ ተልጦ ቆሰለ፤ አሁን ጫፉ ጠቁሯል። ሌሊት ሕመሙ ስለሚብስባቸው እግራቸውን ከአልጋው አንጠልጥለው ነው የሚያነጉት። ለሕመሙ ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ እየገዛን 3 ሳምንት ሰጥተናቸዋል። ሌላ የሚወስዱት ለስኳሩ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ፣ ለግፊቱ ኢናላፕሪል ነው። መጀመሪያ ሐኪም ቤት ስንወስዳቸው የቁርጭምጭሚታቸው ግፊት ተለክቶ ‹1.5 ነው፣ ደም በደንብ ይደርሳል› ተባልን። ሌላ ሐኪም ግን በዶፕለር (የደምን ፍሰት በሚያሳየው አልትራሳውንድ) አይቶ ከጉልበት በታች ተዘግቷል አለና ሪፈር ጽፎ ወደ አዲስ አበባ ላከን። ለኩላሊት የሚታየው የደም ምርመራ፣ ክሪያቲኒናቸው 2.4 ነው፤ አምና 1.7 ነበር። አንዱ ሐኪም ‹ኩላሊታቸው ስለማይችል እግሩ ቢቆረጥ ይሻላል› ይላል፣ ሌላው ‹ደም ሥሩ ይከፈት› ይላል። አዲስ አበባ ያለው አጎቴ ደግሞ ‹ደም ሥሩን በራጅ ለማየት የሚሰጣቸው ቀለም በቀጥታ ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ውስጥ ይከታቸዋል› ብሎ አስፈራን። እሳቸው ረመዳንን ጾሜ ከዒድ በኋላ እሄዳለሁ ባይ ናቸው። የኩላሊቱን ነገር ገና አልነገርናቸውም። ምን እናድርግ?» — ግራ የገባት ልጅ፣ ከደሴ

መልስ፦ እህታችን፣ አብሽሪ፤ ግን አትዘግዪ። ሌላውን ከማንበብሽ በፊት ዛሬውኑ የሚደረግ አለ። ዲክሎፌናኩ ይቁም። ሜትፎርሚኑና ግሊቤንክላማይዱ በምን እንደሚተኩ ለመጠየቅ በዚህ ሳምንት ሐኪማቸው ዘንድ ቅረቡ። ጉዞውም ከዒድ በኋላ የሚባለው ይቅር። የእያንዳንዱን ምክንያት ከታች እንመጣበታለን።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ስንመጣ፣ የኩላሊት ድካም ብቻውን የእግርን ደም ሥር ላለመሥራት ምክንያት አይሆንም። የሚለውጠው የአደጋውን መጠን፣ የሚመረጠውን መንገድና ከፊትና ከኋላ ያለውን ዝግጅት ነው። «ኩላሊታቸው አይችልም» ያለው ሐኪም አደጋውን ከሜዳ አላመጣውም። ነገር ግን እግር መቁረጥም ቀዶ ሕክምና ነው፤ ማደንዘዣ አለው፣ ደም ይፈሳል፣ ቁስሉም መዳን አለበት። ኩላሊቱ እዚያም አብሮ ይገባል።

2.4 የሚለው ቁጥር ለጆሮ ትንሽ ይመስላል። የላቦራቶሪው ወረቀት ጤናማውን እስከ 1.2 ገደማ አድርጎ ስለሚጽፍ ሰው «እጥፍ ቢሆን ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሐኪም የሚያየው ግን ክሪያቲኒኑን ሳይሆን ከእሱ፣ ከዕድሜና ከፆታ የሚሰላውን የኩላሊት የማጣራት አቅም ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ቀመር ስናሰላው የ64 ዓመት ወንድ በ2.4 ክሪያቲኒን 29 ያህል ይመጣለታል፤ ጤናማ ሰው 90 እና ከዚያ በላይ ነው። በዚያው ዕድሜ ላለች ሴት ያው 2.4 ወደ 22 ይወርዳል። ከ15 እስከ 29 ያለው የኩላሊት ድካም አራተኛ ደረጃ ይባላል፤ ከ15 በታች አምስተኛው ነው። አባትሽ ከሳ ካሉና የጭናቸው ጡንቻ ከሟሸሸ እውነተኛው አቅም ከ29 ሊያንስ ይችላል፤ ክሪያቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ነውና። ከቀዶ ሕክምና በፊት የልብን አደጋ ለመገመት ሐኪሞች በሚጠቀሙበት ባለ ስድስት ነጥብ መመዘኛ ውስጥም ክሪያቲኒን ከ2.0 በላይ መሆኑ ራሱን የቻለ አንድ ነጥብ ነው፤ የልብ ድካም ካለበት ሰው ጋር እኩል ያስቆጥራል።

እኛን ከ2.4ቱ ይልቅ የሚያሳስበን ፍጥነቱ ነው። አምና 1.7 ማለት 45 አካባቢ ነበሩ ማለት ነው። በአንድ ዓመት ከ45 ወደ 29 መውረድ ኩላሊቱ በራሱ እርጅና ብቻ የሄደበት መንገድ ላይሆን ይችላል። ዲክሎፌናክ ወደ ኩላሊት ወንፊት ደም የሚያስገባውን ቀጭን ቧንቧ ያጠባል፤ ኢናላፕሪል ደግሞ መውጫውን ያሰፋል። መግቢያው ጠቦ መውጫው ሲሰፋ ወንፊቱ ውስጥ ግፊት አይቀርም፤ ማጣራት ይቀንሳል። ሰውየው በዚያ ላይ ውሃ ካነሰው ይብሳል። ስለዚህ ዲክሎፌናኩ ከቆመ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ክሪያቲኒንና ፖታሲየም እንደገና ይለካ፤ የተወሰነው ሊመለስ ይችላል። ሽንታቸው ደከም ብሎ የሚወርድ ወይም ሌሊት የሚያመላልሳቸው ከሆነም ፕሮስቴትና ፊኛ በአልትራሳውንድ ይታይ። በዕድሜያቸው ያሉ ወንዶች ሽንት ሲታገድባቸው ኩላሊታቸው ይጎዳል፤ ይሄ በቱቦ የሚፈታ ነገር ነው። ምርመራው ጉዞውን ማዘግየት የለበትም፤ መንገድ ላይ ሳሉም ይደረጋል።

ለሕመሙ በዲክሎፌናክ ፋንታ ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ8 ሰዓቱ፣ በቀን ከ3 ግራም ሳይበልጥ ይውሰዱ። ካልበቃቸው ሐኪም ትራማዶል 50 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ ሊያዝ ይችላል፤ በእሳቸው የኩላሊት አቅም በቀን ከ200 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም። ኢቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን የዲክሎፌናክ ወንድሞች ናቸው፤ ስማቸው ቢለያይም አንድ ናቸው። መርፌውም ያው ነው። ፋርማሲ ውስጥ «ጠንከር ያለ ማስታገሻ» ብሎ መጠየቅ ለእሳቸው አደጋ ነው።

ሜትፎርሚን የማጣራት አቅም ከ30 በታች ሲሆን ይቆማል፤ ተከማችቶ ደምን አሲዳማ ያደርጋል። ግሊቤንክላማይድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በደከመ ኩላሊት ውስጥ ቶሎ ስለማይወጣ ስኳሩን ያወርደውና አንዴ ታክሞ ከተነሣ በኋላ እንኳ መልሶ ይጥለዋል። ሰውየው ለምርመራ ወይም ለቀዶ ሕክምና ባዶ ሆዱን ሲያድር ይብሳል። ላብ ማጥለቅ፣ መንቀጥቀጥ፣ የማይገጥም ነገር ማውራት ካየሽ በስኳር መለኪያው ለኪ፤ ከ70 በታች ከሆነ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ስጫቸውና ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመሽ ለኪ። ዞሮ ዞሮ ወደ ኢንሱሊን መዞራቸው አይቀርም። ያን ጊዜም መጠኑ በትንሹ ይጀመራል፤ የደከመ ኩላሊት ኢንሱሊንንም ቶሎ አያስወጣም።

አሁን ያንን «1.5 ነው፣ ደም ይደርሳል» የተባላችሁትን እርሱት። ቁጥሩ የሚገኘው በቁርጭምጭሚት የተለካውን የላይኛውን ግፊት ክንድ ላይ ለተለካው በማካፈል ነው። ክንዳቸው 150፣ ቁርጭምጭሚታቸው 225 ከሆነ 1.5 ይመጣል። ከ0.9 በታች ሲሆን መጥበብን ያሳያል። ከ1.4 በላይ ሲሆን ግን «በጣም ጥሩ» ማለት አይደለም፤ መለኪያው ተታሏል። ኩላሊት ሲደክም ፎስፌት በደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ የደም ቅዳው መካከለኛ ግድግዳ ካልሲየም እየያዘ እንደ አጥንት ይደርቃል፤ ስኳሩም ያግዘዋል። የመለኪያው ጨርቅ ሲነፋ ያንን ቧንቧ ጨምቆ ሊዘጋው ስለማይችል ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል፤ ውስጡ ግን ጠቦ ይሆናል። አንዳንዴ በተራ የእግር ራጅ ላይ እንኳ ደም ሥሩ ጎን ለጎን የተሰመሩ ሁለት ነጭ መስመሮች መስሎ ይታያል፤ ራጅ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የጣት ደም ሥር ያን ያህል ስለማይደርቅ የሚታመነው የጣት ግፊት ነው። የእሳቸው አውራ ጣት ስለቆሰለ በሁለተኛው ጣት ይለካል። ከ30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች ከሆነ ቁስሉ ደም ሳይመለስለት ይድናል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ሌሊት እግርን አንጠልጥሎ መተኛትና የጣት መጥቆር ግን ያለ ቁጥርም ይናገራሉ፤ እግሩ በአደጋ ላይ ነው።

«ውጤቱ እንዴት ይሆናል?» ብለሽ ሐኪሙን ስትጠይቂ «ጥሩ» ወይም «መጥፎ» የሚል መልስ አይብቃሽ፤ ውስጡ ቢያንስ አራት ጥያቄ አለ። አንደኛው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለውን ወር በሕይወት ማለፍ ነው። እዚህ ላይ ዋናው ጠላት ከእግሩ ይልቅ ልብ ነው፤ የእግርን ደም ሥር ያደረቀው ነገር የልብንም አይምርም። ስኳር ያለበት ሰው ልቡ ሲታፈን ደረቱን ላያመው ይችላል፤ ስለዚህ «ደረቴን አሞኝ አያውቅም» የሚለው ቃል ዋስትና አይሆንም፤ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) እና የልብ አልትራሳውንድ ይደረግ። የደከመ ኩላሊት ደም እንዲፈስም እንዲረጋም ያደርጋል፤ በአንድ በኩል የደም ማርጊያዎቹ ሕዋሳት ይለግማሉ፣ በሌላ በኩል የደም ሥሩ ግድግዳ ደም የሚያስረጋ ይሆናል። ለዚህ ነው ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው የሄፓሪን ዓይነትና መጠን የሚያስጨንቀው። ኢኖክሳፓሪን የሚባለው መርፌ በኩላሊት በኩል ስለሚወጣ ከ30 በታች ለሆነ ሰው መጠኑ ይቀነሳል ወይም በተለመደው ሄፓሪን ይተካል። አደጋው በደረጃ ይወጣል፤ በሦስተኛው ደረጃ ትንሽ፣ በአራተኛው ግልጽ ሆኖ፣ በዲያሊሲስ ላይ ላለ ሰው ደግሞ ከሁሉም ከፍ ብሎ።

ሁለተኛው የተሠራው ቧንቧ ክፍት ሆኖ መቆየቱ ነው። ይሄ ብዙ ሰው ከሚፈራው ይሻላል፤ በራሳቸው ደም መልስ የተሠራ ባይፓስ (የተዘጋውን ቦታ አልፎ ደም የሚያወርድ ማለፊያ ቧንቧ) ኩላሊቱ በደከመ ሰው ላይም ክፍት ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ችግሩ ሦስተኛው ላይ ነው። ቧንቧው ክፍት ሆኖ፣ ደሙም እየወረደ፣ እግሩ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። በእግር መዳፍ ውስጥ ያሉት ትናንሾቹ ደም ሥሮች ደርቀው ከሆነ ትልቁ ቦይ ቢሞላ ማሳው አይጠጣም። ደም ማነሱ፣ የአልቡሚን መውረዱ፣ የኩላሊት መርዝ በደም ውስጥ መቆየቱ፣ የስኳሩ ኢንፌክሽን ተደምረው ቁስሉን ይይዙታል። ኩላሊቱ ጤነኛ በሆነ ሰው በወራት የሚዘጋ ቁስል እዚህ ረጅም ጊዜ ሊወስድ ይችላል፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ «ኦፐራሲዮኑ ከሸፈ» ብሎ ከመሃል ከማቋረጥ ያድናል። አራተኛው ዕድሜ ነው። የኩላሊት ድካምና የእግር ደም ሥር መዘጋት አንድ ላይ ሲሆኑ ዕድሜ ያሳጥራሉ፤ ይህን የምንጽፈው ለማስፈራራት አይደለም፤ ሐኪሙ ከፊታቸው ስንት ዓመት እንዳለ ሳይገምት የሚቆይ ነገር ይሥራ ወይስ ቀለል ያለ ይሥራ ብሎ መወሰን አይችልም።

ከጻፍሽው ተነሥተን ስናየው አባትሽ መሞከር የሚገባቸው ሰው ናቸው። እስከ ቅርብ ጊዜ በእግራቸው ይሄዱ ነበር፣ ቁስሉ ጣት ላይ ነው፣ ዲያሊሲስ አልጀመሩም። ነገሩ የሚለወጠው ተረከዙ በሰፊው ሞቶ አጥንቱ ከወጣ፣ ጉልበታቸው ታጥፎ ከቀረና አልጋ ላይ ከዋሉ፣ ወይም ከጉልበት በታች ቧንቧው የሚገጠምበት ክፍት ደም ሥር ጭራሽ ከጠፋ ነው። ያን ጊዜ ከጉልበት በታች መቁረጥ የተሻለው ሕክምና ሊሆን ይችላል፤ ጉልበት ከተረፈ በሰው ሠራሽ እግር መሄድ ይቻላል። አንድ ወጥመድ ግን አለ። «እስቲ ለጊዜው ጣቷን ብቻ እንቁረጥና እንይ» የምትባለዋን ደም ሳይመለስ አትቀበሉ። ደም በሌለበት ቦታ የተቆረጠ ጣት ራሱ አዲስ ቁስል ነው፤ ጥቁረቱ ወደ ላይ ይወጣል። ልዩነቱ መግል ሲኖር ነው። ሽታ፣ የሚስፋፋ መቅላት፣ እብጠት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም መደናገር ካለ አዲስ አበባ ሳይባል በዚያው ቀን ደሴ ሐኪም ቤት ይግቡ፤ መግሉ ወጥቶ ነው ሌላው የሚታሰበው። ትኩሳት እስኪመጣም አትጠብቁ፤ ስኳርና ኩላሊት ያለበት ሰው ኢንፌክሽን ይዞት ላይተኩስ ይችላል።

ባሉን (ደም ሥሩን ከውስጥ በሚነፋ ፊኛ መክፈት) ወይስ ባይፓስ ለሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 የወጡ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ተቃራኒ መልስ ሰጥተዋል፤ የመጀመሪያው ጥሩ የጭን ደም መልስ ላለው ሰው ባይፓስን፣ ሁለተኛው ከጉልበት በታች ለተዘጋበት ባሉንን አስበልጧል። ስለዚህ «ባሉን ይሻላል» ብሎ ከሩቅ የሚፈርድላችሁን አትስሙት። ባሉን በአካባቢ ማደንዘዣ ይሠራል፣ ለልብ ይቀላል፤ ግን ቀለም ይፈልጋል፣ ቶሎ ይዘጋል፣ ሲደገምም ቀለሙ ይደገማል። ባይፓስ ቀለም ቢያንሰውም ከብሽሽት እስከ ቁርጭምጭሚት ሊደርስ የሚችል ስፌት አለው፤ ለደከመ ኩላሊት ያ ረጅም ስፌት ራሱ የኢንፌክሽን በር ነው። ዋናው ነገር የጭናቸው ደም መልስ በአልትራሳውንድ ይለካ፤ 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ወጥ ሆኖ ከተገኘ ባይፓስ በደንብ ይታሰብ።

አጎትሽ ስለ ቀለሙ የተናገረው ግማሽ እውነት ነው። አዮዲን ያለው ቀለም የደከመ ኩላሊትን ሊያስቆጣ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ክሪያቲኒኑ በሁለትና በሦስት ቀን ከፍ ይልና ይመለሳል፤ እስከ ዲያሊሲስ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። አደጋውን የሚያበዛው በጥም የሄደ ሰውነት፣ ብዙ ቀለምና በላዩ የተደራረበ መድኃኒት ነው። መጀመሪያ በዶፕለር በደንብ ይታይ፤ ዶፕለር ቀለም የለውም። ሲቲ አንጂዮግራፊ (በቀለም የሚነሣ የደም ሥር ሲቲ ስካን) ታዞ ከዚያ ደግሞ በሌላ ቀለም ባሉን ከሚሠራ ከተቻለ ሁለቱን በአንድ ማድረግ ይበጃል፤ ደግሞም በደረቀ ደም ሥር ላይ ሲቲው ካልሲየሙን እያሳየ ከጉልበት በታች ብዙ አይናገርም። አንዳንድ ማዕከላት በቀለም ፋንታ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይጠቀማሉ፤ መኖሩን መጠየቅ አይከፋም። «ኤምአርአይ ይሻላል» ከተባላችሁም የሚሰጠው ጋዶሊኒየም ዓይነቱ ይጠየቅ፤ አሮጌዎቹ ዓይነቶች ከ30 በታች ላለ ኩላሊት ቆዳን የሚያደርቅ ከባድ በሽታ ሊያመጡ ይችላሉ።

ከቀለሙ በፊትና በኋላ ኩላሊቱን የሚጠብቀው ተራ ጨዋማ ግሉኮስ አልባ ፈሳሽ በደም ሥር ነው፤ በሰዓት ለአንድ ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር። 58 ኪሎ ከሆኑ በ12 ሰዓት 700 ሚሊ ሊትር ገደማ ከፊት፣ ያን ያህል ከኋላ ማለት ነው። ልባቸው ደከም ካለ በግማሽ ይቀነሳል፤ እግር ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ይቆማል። ኩላሊትን ከቀለም ይጠብቃሉ ተብለው የሚሰጡት ባይካርቦኔትና አሴቲልሲስቲን እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ትልቅ ጥናት ከተራው ፈሳሽ በላይ ምንም አልጠቀሙም፤ ለእነሱ ከኪስ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ክሪያቲኒኑ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ይለካ፤ በ48 ሰዓት 0.3 ከጨመረ ወይም ሽንቱ ከቀነሰ ኩላሊቱ ተነክቷል። ለ58 ኪሎ ሰው በ6 ሰዓት ከ175 ሚሊ ሊትር በታች ሽንት አሳሳቢ ነው። የአስታማሚ ሥራ እዚህ ላይ ነው፤ የሽንቱን ልክ በማስታወሻ ያዢ፤ ነርሷ ተረኛ ስትቀያየር የሚጠፋው ይሄ ነው። ከባሉኑ በኋላ ጣቶቻቸው ሰማያዊ ነጠብጣብ ካወጡና ክሪያቲኒኑ ቀስ እያለ በሳምንታት ከወጣ ደግሞ ቀለሙ አይደለም፤ ሽቦው ሲያልፍ የተላቀቀ የስብ ፍርፋሪ ነው።

ለጉዞው ጥቂት ነገር። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገደኛው በመኪና ሽንት እንዳይጠራው ብሎ ውሃ ሳይጠጣ ይውላል። ያ ሰው በማግስቱ ጠዋት ባዶ ሆዱን ቀለም ቢወስድ አጎትሽ የፈራው ነገር ይመጣል። ሐኪሙ ፈሳሽ ካልከለከላቸው እየተጎነጩ ይሂዱ፤ ከሚሴም ሸዋ ሮቢትም ደብረ ብርሃንም ይውረዱ። ቢያንስ ከምርመራው ሁለት ቀን ቀድማችሁ ግቡ። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን መሄድ ከቻላችሁ የበለጠ ይሻላል። የዓመቱን የክሪያቲኒን ውጤቶች በሙሉ ከነቀናቸው፣ የዶፕለሩን ወረቀት፣ የመድኃኒቶቹን ካርቶን ያዙ። የጤና መድህን አባል ከሆናችሁ ሪፈሩ ማኅተም ይኑረው። ስትደርሱም የሚተኙበት ቤት የዲያሊሲስ ማሽን በግቢው አለው ወይ ብለሽ ጠይቂ፤ ባይፈለግ ደስ ይላል፣ ተፈልጎ ባይኖር ግን ሌሊት ወዴት ትሄዳላችሁ?

ኢናላፕሪሉን ከቀዶ ሕክምናው ወይም ከቀለሙ በፊት ለ24 ሰዓት ማቆም ብዙ ሐኪሞች የሚያዝዙት ነው፤ በራሳችሁ ግን አታቁሙት። አስፕሪንና አቶርቫስታቲን ከታዘዙላቸው እስከ መጨረሻው ይቀጥላሉ። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ክሎፒዶግሬል ካለ በወገብ ማደንዘዣ ለመሥራት ከ5 እስከ 7 ቀን ቀድሞ መቆም ስላለበት ለማደንዘዣ ባለሙያው ይነገር። ፖታሲየም ከ5.5 በላይ ከሆነ ቀዶ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ይውረድ። ተዘግቶ የቆየ እግር ደም ሲመለስለት የታመቀውን ፖታሲየም በአንዴ ወደ ልብ ይለቃልና።

ረመዳንን በተመለከተ የሃይማኖቱን ጉዳይ ለኢማማቸው እንተዋለን፤ ለበሽተኛና ለመንገደኛ የተሰጠውን ፈቃድ እሳቸው ከእኛ በላይ ያውቁታል፣ አባትሽ ደግሞ ሁለቱንም ናቸው። ከሕክምናው በኩል ግን አቅሙ 29 የሆነ ኩላሊት 13 ሰዓት ያለ ውሃ መዋል አይገባውም፤ በግሊቤንክላማይድ ላይ ሆነው መጾም ደግሞ በስኳር መውደቅ መጫወት ነው። የጠቆረ ጣትም አንድ ወር አይጠብቅም። ማፍጠሪያው ላይ እንኳ ተምሩ ፖታሲየሙ ብዙ ነው፤ ውጤቱ እስኪታወቅ ከአንዲት ፍሬ አይለፉ። ሙዝና ብርቱካንም እንደዚያው። ድንች ከበሉ ተልጦ፣ ተከትፎ፣ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው ይደፋ። ፕሮቲን ግን አትከልክሏቸው። «ኩላሊት ያለበት ሥጋ አይበላም» የሚለው ምክር ክፍት ቁስል ላለበትና ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቀው ሰው አይሠራም፤ እንቁላል፣ የሐይቅ ዓሣ፣ ምስር ይብሉ። ቡናቸው በጨው ከሆነ ጨዉ ይቅር። በርጫ ላይ የሚቀመጡ ከሆነ ጫቱ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ደም ሥር ያጠባል፣ ግፊት ያወጣል፤ ሲጋራ ካለበትማ ባይፓሱን መሥራትም ትርጉም ያጣል።

እግሩ እስኪሄዱ ድረስ ደረቅ ሆኖ ይቆይ። በሙቅ ውሃና ጨው፣ በጠበልም ሆነ በዘምዘም አይነከር፤ ደርቆ የጠቆረ ጣት ሲርስ ይበሰብሳል። ማር፣ አመድ፣ ቅጠል አይደረግበት። የደሴ ብርድ ሲመጣ ከሰል ማንደጃ አጠገብ እግር መዘርጋት ልማድ ነው፤ ስኳር ያደነዘዘው እግር ሙቀቱ ሳይሰማው ይጠበሳል። ወፍራም የሱፍ ካልሲ ይበቃል። ሲተኙ ትራሱ ከባታቸው ሥር ሆኖ ተረከዙ በአየር ላይ ይንሳፈፍ፤ አልጋው ላይ የሚያርፍ ተረከዝ ሁለተኛው ቁስል የሚነሣበት ቦታ ነው።

አንድ ሰው የማይነግራችሁ ነገር ደግሞ አለ። ኩላሊታቸው ቢደክም ለዲያሊሲስ ክንዳቸው ላይ ደም ቅዳና ደም መልስ ተገጣጥሞ ፊስቱላ ይሠራላቸዋል፤ ለመብሰል ከ6 ሳምንት እስከ 3 ወር ይፈጃል። ለዚያ የሚሆነው ደም መልስ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በማይሠሩበት እጅ ነው፤ ቀኝ እጃቸውን የሚጠቀሙ ከሆነ በግራው። ሐኪም ቤት ውስጥ ግን ካኑላ (መድኃኒትና ፈሳሽ የሚሰጥበት መርፌ) የሚሰካው እዚያው ግራ ክንድ ላይ፣ ክርኑ አጠገብ ነው። በአንድ ሳምንት ሦስት አራት ካኑላ ያ ደም ሥር ይደነድናል። ስለዚህ መርፌው በቀኝ እጅ ጀርባ ላይ ይሁን። ለእሳቸው የሌላ ሰው ደም መስጠትም ግድ ካልሆነ ይቅር፤ ወደፊት ኩላሊት ለመተካት ቢታሰብ የሌላ ሰው ደም ሰውነታቸውን ለሌላ ሰው ኩላሊት የበለጠ ያስቆጣዋል።

ከተመለሱ በኋላ የተሠራው ቧንቧ በአልትራሳውንድ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ ከዚያ በ3፣ በ6 እና በ12 ወር ይታይ። ባይፓስ ሲጠብ ሳይዘጋ ከተደረሰበት ይጠገናል፤ ከተዘጋ በኋላ ግን ከባድ ነው። እግሩ በድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ፣ ሕመሙ ከተመለሰ ያው ቀን ነው የሚኬደው።

የመጨረሻው ጥያቄሽ፣ የኩላሊቱን ነገር ይወቁት ወይ የሚለው ነው። ይወቁት። ለሰው መጥፎ ወሬ በአንዴ አለመንገር የኛ ደግ ልማድ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ይጎዳቸዋል። አንቺ ከጎናቸው በማትሆኚበት ሰዓት፣ ሌሊት ሕመሙ ሲጠና፣ ተረኛው ነርስ ዲክሎፌናክ በመርፌ ይዞ ሲመጣ፣ ወይም ለካኑላ ግራ እጃቸውን ሲጎትት መከልከል የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። በረጋ ሰዓት፣ ቡናው ተፈልቶ፣ በሚያምኑት ሰው ፊት ንገሯቸው። ረጅም ማስረጃ አያስፈልግም፤ ይቺን ብቻ በቃላቸው ይያዟት፦ «ኩላሊቴ 29 ነው፤ ዲክሎ አልወስድም፤ ግራ እጄን አትውጉኝ።»